የስልሳ አንዱ አውራ መቺ

የእድሩ አውቶብስ ኮልፌ 18 ማዞሪያን ዞሮ ቁልቁል ሲወርድ አቶ ባምላኩ የኮታቸውን የውስጥ ኪስ ለሦስተኛ ጊዜ ዳበሱ። ወረቀቶቹ አሉ። ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም የአንድ ሟች የሕይወት ታሪክ ሲሆኑ ልዩነታቸው አንድ መስመር ብቻ ነው። በአንደኛው ላይ «አቶ ገብረወልድ በ1961 ዓ.ም. አስመራ ቃኘው ውስጥ በተካሄደው የሠራተኞች የቤዝቦል ውድድር ከሺህ ሦስት መቶ ዘጠና በማስመዝገብ አውራ መቺ ሆነው ተሸልመዋል» ይላል። በሁለተኛው ላይ ያ መስመር የለም። ቤተክርስቲያኑ ግቢ ሲደርሱ፣ ሕዝብ ፊት ቆመው፣ ከሁለቱ አንዱን ማንበብ አለባቸው። የትኛውን እንደሆነ ግን ገና አልወሰኑም። ሃምሳ አምስት ዓመት ያልወሰኑትን ነገር በግማሽ ሰዓት መንገድ እንዴት አድርገው ይወስኑት?

ከፊት አስከሬኑን የያዘችው መኪና ቀስ እያለች ትሄዳለች። የሟች ልጅ ናዝራዊት የአባቷን ፎቶ ታቅፋ መኪናዋ ላይ ቆማለች። ከጎኗ አንድ የእድር ሰው ቡናማ የእንጨት ዱላ በሁለት እጁ ይዟል፤ አናቱ ወፈር ያለ፣ መያዣው በፕላስተር የተጠቀለለ የቤዝቦል መምቻ። በየመንገዱ ዳር ቆሞ የሚያማትበው ሰው ፎቶውን አይቶ ከንፈሩን ይመጥጣል፣ ዱላውን ሲያይ ግን ግራ ይጋባል። ለአርበኛ ኒሻኑ፣ ለካህን መስቀሉ ይያዝለታል፤ ዱላ የተያዘለት ሬሳ ኮልፌ አይታ አታውቅም።

ዱላው ይያዝ ያሉት የሟች ባለቤት ወይዘሮ ሸዋገነት ናቸው። ትናንት ድንኳኑ ውስጥ አቶ ባምላኩን ጠርተው፣ «ሌላ ምን አለው ባምላኩ?» አሏቸው፤ ድምፃቸው ከለቅሶ ብዛት ሻክሯል። «ፎቅ አልሠራ፣ ሹመት አላገኘ። አንድ ጊዜ በዕድሜው አንደኛ ወጥቷል። እሱ ይነበብለት፣ እሱ ይያዝለት። መዝጋቢው አንተ አልነበርክ? አንተው ጻፍለት ወንድሜ።»

አቶ ባምላኩ «እሺ ሸዋዬ» አሉና ማታ ሁለት አድርገው ጻፉት።

አሁን አውቶብሱ ውስጥ ከጎናቸው የተቀመጡት አቶ ያደሳ ናቸው። ከዘነበወርቅ ሁለት ታክሲ ቀይረው መጥተዋል። ጉልበታቸው ከታከሙት ወዲህ አልታዘዝ ስላላቸው ቀኝ እግራቸውን መተላለፊያው ላይ ዘርግተው፣ ከዘራቸውን በሁለቱ ጭናቸው መሃል አቁመዋል። ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ከአቶ ባምላኩ በሁለት ዓመት ይበልጣሉ።

«ቁጥሩን አስገብተሃል?» አሉ አቶ ያደሳ፣ ዓይናቸውን ከመስኮቱ ሳይነቅሉ።

«የቱን ቁጥር?»

«የቱን ይላል እንዴ! ሦስት መቶ ዘጠናውን ነዋ። የእሱ ሦስት መቶ ዘጠና፣ የኔ ሦስት መቶ ሰማንያ አምስት። ጮክ ብለህ አንብበው እሺ? ገብሬ ከማን ጋር ሲጋፋ እንደኖረ ዛሬ የኮልፌ ሰው ይወቅ።»

አቶ ባምላኩ የኮታቸውን ኪስ እንደገና ዳበሱ። ለምን እንደዳበሱ ለመረዳት ወደ አስመራ መመለስ ግድ ነው።

ያኔ ማንም አንቱ የሚላቸው አልነበረም፤ ስለዚህ እኛም ባምላኩ፣ ገብረወልድና ያደሳ እንበላቸው። ሦስቱም ከሃያ ስምንት ዓመት አልዘለሉም። ሦስቱም አሜሪካኖች የሬዲዮ ጣቢያ በተከሉበት በቃኘው ተቀጥረው ይሠራሉ፤ ባምላኩ የዕቃ ግምጃ ቤት ጸሐፊ ነው፣ ገብረወልድ የወታደሩን ልብስ ያጥባል፣ ያደሳ ጋራዥ ውስጥ ጎማ ይፈታል። ሳጅን ሆልት የሚባል ራሰ በራ አሜሪካዊ ነበር። ይህ ሰው ሀገሬው ሠራተኛ ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ፈቶ መዋሉ አላስችል ብሎት ዱላና ጓንት አደለና ቤዝቦል አስጀመራቸው። እጥበት ቤቱ አንድ ቡድን፣ ጋራዡ አንድ ቡድን፣ ወጥ ቤቱ አንድ ቡድን ሆነ። ለባምላኩ ደግሞ የኳስ ችሎታ እንዳልፈጠረበት ሳጅኑ በመጀመሪያው ቀን ስላየ እርሳስና ደብተር ሰጠው።

የመዝጋቢው ሥራ ቀላል ይመስላል። መቺው መትቶ፣ ኳሷ ሳትቀድመው ሮጦ ከሜዳው አራት ማዕዘኖች መጀመሪያው ላይ ከደረሰ ክብ ይደረግለታል፤ ምት ነው። ተከላካዩ መያዝ የሚገባውን ኳስ ጥሎ መቺው ቢደርስ ግን ያ የመቺው ጉብዝና ሳይሆን የተከላካዩ ስህተት ነው። መስቀል ይደረግና የተሳሳተው ሰው ስም ይጻፍበታል። ምት ነው ወይስ ስህተት ብሎ የሚፈርደው መዝጋቢው ነው፤ በእሱ ላይ ይግባኝ የለም።

ሳጅን ሆልት የድሮ መቺዎችን ታሪክ እንደ ገድል ይተርክ ነበር። አባቱ በልጅነቱ በዓይኑ ያያቸው እነ ዋግነር፣ እነ ኮብ፣ እነ ላጅዌይ። ሁሉም ይወደው የነበረው ግን የ1903ቱን ታሪክ ነው። በዚያ ዓመት፣ በእኛ መስከረም ሊያልቅ ሲል፣ ኮብና ላጅዌይ ለአውራ መቺነት ተናንቀው ነበር፤ ሽልማቱ አውቶሞቢል ነው። ብዙ ተጫዋች ኮብን አይወደውም። እናም በመጨረሻው ቀን ተጋጣሚው ቡድን ሦስተኛውን ማዕዘን የሚጠብቀውን ልጅ ወደ ኋላ ራቅ ብለህ ቁም ብሎ አዘዘው፤ ላጅዌይም ኳሷን ከፊቱ ነካ እያደረገ እየሮጠ በአንድ ቀን ዘጠኝ ጊዜ ደረሰ። አንዷ ብቻ ስህተት ተብላ ተመዘገበች። ያኔ ለመዝጋቢው ብጣሽ ወረቀት ተላከለት፤ ያቺን ወደ ምት ቀይርልንና ሙሉ ልብስ እናሰፋልሃለን የሚል።

«መዝጋቢው እንቢ አለ!» ይልና ሳጅኑ ጠረጴዛውን ይደበድባል። «ሰማህ ባምላኩ? እንቢ አለ! እርሳስ የያዘ ሰው ወዳጅ የለውም!»

ባምላኩ ይህን ለሌሎቹ እየተረጎመ አብሮ ይስቅ ነበር። ወዳጅ የለውም ማለት ምን እንደሆነ ግን አልገባውም፤ የእሱ ወዳጅ ገብረወልድ ነዋ። አስመራ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ተስቦ ሲጥለው፣ ያከራዩት ሴትዮ ልብሱን ደጅ ሲጥሉበት፣ ገብረወልድ ነው በጀርባው አዝሎ ወስዶ የአልጋውን እኩሌታ የሰጠው። አርባ ቀን አጥቦታል፣ ጠበል ወስዶ አስጠምቆታል፣ አጥሚት በማንኪያ አጉርሶታል። ይህ የሚረሳ ነገር አይደለም።

ግንቦት 1961 የውድድሩ የመጨረሻ ቀን እጥበት ቤቱና ጋራዡ ተገናኙ። የዓመቱ አውራ መቺ ከገብረወልድና ከያደሳ አያልፍም። የሚለዩት ከሺህ ተራ ስንቱን እንደመቱ በሚሰላ ቁጥር ነው፤ ያደሳ የመምታት ተራውን ጨርሶ ሦስት መቶ ሰማንያ አምስት ላይ ቆሟል። ገብረወልድ አንድ ተራ ይቀረዋል፤ ከመታ ሦስት መቶ ዘጠና፣ ካልመታ ሦስት መቶ ሰማንያ። የመላው ዓመት ልፋት በዚያች አንድ ተራ ላይ ተንጠልጥሏል። ሽልማቱ አዲስ ብስክሌትና ስም የተቀረጸበት ዱላ ነው።

ገብረወልድ መታት። ኳሷ አንዴ ነጥራ በቀጥታ ሦስተኛውን ማዕዘን ወደሚጠብቀው ሰው ሄደች። እሱም ያደሳ ነበር። ጓንቱ ውስጥ ገባች፤ ባምላኩ ስትገባ አይቷል። ከዚያ ወጥታ እግሩ ሥር ወደቀች። ያደሳ እንዲህ ያለውን ኳስ ዓይኑን ጨፍኖ የሚይዝ ሰው ነው። አጎንብሶ ሲያነሳት ገብረወልድ ደርሶ ቆሟል፤ አቧራው ተነስቷል፣ ሕዝቡ ይጮኻል፣ ሳጅን ሆልት ሌላ ሯጭ እያየ ጀርባውን ሰጥቷል።

ባምላኩ እርሳሱን ይዞ ቀና አለ። ገብረወልድ ከወዲያ ማዶ ሁለት እጁን ዘርግቶ ይስቃል። መስቀል ቢያደርግ ያ ሳቅ ያበቃለታል።

ክብ አደረገ።

ማንም ሙሉ ልብስ አሰፋልሃለሁ አላለውም። በፍቅር ነው ያደረገው፤ ይህ ደግሞ የባሰ ነው፣ ልብስ ቢሆን አልቆ ይጣል ነበር።

የዚያን ዕለት አመሻሹ ላይ ሻይ ቤት ተሰብስበው ገብረወልድ በአዲሱ ብስክሌት ሲደርስ መጀመሪያ የተነሳው ያደሳ ነበር። «ቁጥር አንድ መጣ!» ብሎ የተቀመጠበትን ወንበር ለቀቀለት። ከዚያ ወዲህ ወግ ሆነ። ቃኘው ተዘጋ፣ መንግሥት ተለዋወጠ፣ ሦስቱም በየተራ አዲስ አበባ ወርደው ኮልፌ አካባቢ ትዳር መሠረቱ፣ ፀጉራቸው ነጣ። በየቅዳሜው ቤቴል አንድ ካፌ ይገናኛሉ፤ ያደሳ ቀድሞ ይደርስና መንገዱን የሚያየውን ወንበር ይይዛል፣ ገብረወልድ በበሩ ብቅ ሲል ተነስቶ፣ «ቁጥር አንድ መጣ!» ብሎ ይለቅለታል። ጉልበቱ ከታከመ በኋላ እንኳ ጠረጴዛውን ተደግፎ ይነሳ ነበር። «ኧረ ተው ያደሳ» ይላል ገብረወልድ፤ ይልና ይቀመጣል። ባምላኩ በዚያች ቅጽበት ሁልጊዜ ስኳሩን ያማስላል፣ ስኳሩ ቀድሞ ቢሟሟም ያማስላል።

አውቶብሱ ቆመ። ደርሰዋል።

ጸሎተ ፍትሐቱ አልቆ ካህናቱ ገለል ሲሉ ናዝራዊት ወደ አቶ ባምላኩ ቀረበች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች፣ ፊቷ አባብጧል። «ጋሼ ባምላኩ፣ ይድረሱልን። ሰው ፀሐይ ላይ ነው።»

እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱ። ሁለቱ ወረቀቶች ጣታቸው መሃል ነበሩ፤ መስመሩ የሌለበትን ለመለየት ጫፉን አጥፈውት ነበር። ከፊታቸው ሬሳው አለ። በሬሳው ላይ ዱላው ተጋድሟል። ወይዘሮ ሸዋገነት በሁለት ሴቶች ተደግፈው ዓይናቸውን ዱላው ላይ ተክለዋል። ከሕዝቡ ፊት፣ አንዱ ባመጣላቸው የፕላስቲክ ወንበር ላይ፣ አቶ ያደሳ አገጫቸውን ከዘራቸው ላይ አሳርፈው ተቀምጠዋል።

አቶ ባምላኩ ማክሰኞ ትዝ አላቸው። ሆስፒታል አልጋው አጠገብ ብቻቸውን ሳሉ ገብረወልድ ጣቱን በድካም አነቃንቆ ጠራቸው። ሲጠጉ፣ «ያቺ የመጨረሻዋ...» አለ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ፤ «ምት ነበረች አይደል?» ሰው ሊሞት ሁለት ቀን ሲቀረው የሚጠይቀው ይህን ነው። አቶ ባምላኩ እጁን ያዙትና «ምት ነበረች» አሉት። ገብረወልድ ለረጅም ጊዜ አያቸው። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ሌላ ነገር ሳይናገር ሐሙስ ንጋት ላይ አረፈ።

ያልታጠፈውን ወረቀት አወጡ።

ማንበብ ጀመሩ። ተወለዱ፣ አደጉ፣ አስመራ ሄዱ። «... በተካሄደው የሠራተኞች የቤዝቦል ውድድር ከሺህ ሦስት መቶ ዘጠና በማስመዝገብ አውራ መቺ ሆነው ተሸልመዋል።»

ወንበር ተንቋቋ። አቶ ያደሳ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ እየተነሱ ነበር። አንድ ጎልማሳ ሊደግፋቸው ሲል በእጃቸው ገፉት። ቀጥ ብለው ቆሙና ወደ ሬሳው አጎነበሱ። ሕዝቡ አለቀሰ፤ ወይዘሮ ሸዋገነት፣ «ወይኔ ያደሳ! ወይኔ የወንድም ወንድም!» እያሉ ደረታቸውን መቱ። አቶ ባምላኩ የቀረውን እንዴት እንዳነበቡት አያውቁም።

አፈር ተመልሶ ሰዉ ወደ አውቶብሱ ሲያዘግም አቶ ያደሳ ከግቢው አጥር አጠገብ ጽድ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ አረፍ አሉ። አቶ ባምላኩ አጠገባቸው ተቀመጡ። አሁን ካልተናገሩ መቼም እንደማይናገሩ አውቀዋል። ከሌላኛው ኪሳቸው የስልሳ አንዱን ውድድር የመዘገቡበትን፣ ገጾቹ የወየቡ ቀጭን ደብተር አወጡ።

«ያደሳ፣ ያቺ ኳስ ምት አልነበረችም። ጓንትህ ውስጥ ገብታ ነበር። አይቻለሁ። እያየሁ ነው ክብ ያደረግኩት። አንደኛው አንተ ነበርክ።»

አቶ ያደሳ አልደነገጡም። ደብተሩን እንኳ አላዩትም።

«እጄ አይደለ እንዴ የጣላት?» አሉ። «ሰው የገዛ እጁ የጣለውን አያውቅም?»

«ታውቅ ነበር?»

«ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ።»

«ታዲያ ሃምሳ አምስት ዓመት ሙሉ ለምን ዝም አልክ?»

«ምን ልበል? የጣልኩት እኔ፣ የተሸለመው ወንድሜ። ‹እኔ ስለተሳሳትኩ አንደኛ ነኝ› ብዬ እጮሃለሁ? ያ የሚነገረው በእናንተ አፍ ነው።» ከዘራቸውን መሬት ላይ አዟዟሩ። «እነሳለት የነበረው ለምን ይመስልሃል? ሰው ሁሉ ያደሳ እንዴት ያለ ጨዋ ነው ይላል። ጨዋነት አይደለም ባምላኩ። በተነሳሁ ቁጥር ገብሬ ‹ተቀመጥ፣ ይህ ወንበር ያንተ ነው› ይለኛል ብዬ ነው። ዛሬ ካልሆነ የሚመጣው ቅዳሜ ይለኛል እያልኩ ነው። ያን ያህል ቅዳሜ አለፈ።»

አቶ ባምላኩ እንባቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። ደብተሩን ግንቦት ላይ ገለጡና ከደረት ኪሳቸው እርሳስ አወጡ። ክቡን ሰርዘው መስቀል አደረጉ፤ ከጎኑ ስም መጻፍ ነበረባቸው።

«ምን ጻፍክ? መነጽር አልያዝኩም፤ አንብብልኝ።»

«ስህተት፣ ያደሳ።»

አቶ ያደሳ ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «አየህ፤ አንደኛ ለመሆን ስሜ ስህተት ላይ መጻፍ አለበት።» ከዚያ ፈገግታው ጠፋና ቀስ ብለው ጠየቁ፦ «እሱስ? ገብሬ ያውቅ ነበር?»

መዋሸት ይቻል ነበር። አቶ ባምላኩ ግን በዚህ ሳምንት ብቻ ሁለት ጊዜ ዋሽተዋል፤ ለሚሞተው አንድ፣ ለሞተው አንድ። ሦስተኛውን አቅም አጡ።

«አያውቅም። ሲጠረጥር ግን ኖሯል መሰለኝ። ማክሰኞ ዕለት ጠየቀኝ። ‹ምት ነበረች አይደል?› አለኝ።»

«ጠየቀህ?»

«ጠየቀኝ።»

«አንተስ ምን አልከው?»

«ምት ነበረች አልኩት።»

አቶ ያደሳ ከዘራቸውን አጥብቀው ጨበጡ። የእድሩ አውቶብስ ጥሩምባ ሁለት ጊዜ ጮኸ። «ጠየቀህ» አሉ እንደገና፣ ለራሳቸው። «ሁለታችንም ካንተ አፍ ስንጠብቅ።» ተነሱና በአውቶብሱ አጠገብ አልፈው፣ በከዘራቸው እየተጎተቱ፣ በእግራቸው ወደ ዋናው መንገድ ወረዱ። አቶ ባምላኩ ደብተሩን ኪሳቸው ከተው ብቻቸውን አውቶብሱ ላይ ወጡ።

በስምንተኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ አቶ ባምላኩ ቤቴል ካፌው ውስጥ ከማንም ቀድመው ተገኙ። መንገዱን የሚያየው ወንበር ላይ ተቀመጡ። አስተናጋጇ ሦስት ሻይ ልታመጣ ስትል ሁለት አሏት። ያደሳ ይመጣል ብለው አልጠበቁም፤ እሳቸው ራሳቸው ለምን እንደመጡም እንጃ። አራት ሰዓት ተኩል ላይ ከዘራው ደረጃው ላይ ሲያንኳኳ ሰሙ።

አቶ ያደሳ በበሩ ብቅ አሉ። በሳምንት ውስጥ ከስተዋል፣ ጥቁር ክራቫታቸውን አላወለቁም።

አቶ ባምላኩ ጠረጴዛውን ተደግፈው ተነሱ። ወንበሩን በእጃቸው ወደ ኋላ ሳቡና ካፌው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እንዲሰማ፣ «ቁጥር አንድ መጣ!» አሉ።

አቶ ያደሳ ደርሰው ቆሙ። ወንበሩን አዩት፣ አቶ ባምላኩን አዩዋቸው። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል።

«ተቀመጥ» አሉ። «እንዲነሳልኝ የምፈልገው እሱ ነበር።»

በድሮው ቦታቸው፣ ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጥተው ተቀመጡ። አቶ ባምላኩ ግን አልተቀመጡም፤ የወንበሩን ጀርባ እንደያዙ፣ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ቆሙ።